ስንፍና ብዬ የጠራሁት ክረምት

ክረምት ስል ዝናቡን ማለቴ አይደለም፤ ቀኑ የሚያጥርበትን፣ ፀሐይ አርፍዳ ወጥታ በጊዜ የምትጠልቅበትን፣ ብርዱ ሰውን ከደጅ የሚመልስበትን ወቅት ማለቴ ነው። በዚህ ወቅት ሁለት ዓመት በተከታታይ ከሰው ተለይቼ ከረምኩ፤ ሁለቱንም ዓመት ሁኔታዬን ስንፍና ብዬ ጠርቼ ራሴን ስወቅስ አሳለፍኩ። ሕመም መሆኑ የገባኝ በሦስተኛው ክረምት ነው። ዘንድሮ ሰባተኛው ነው፤ አሁንም ወቅቱ ሲገባ ሰውነቴ ያውቀዋል፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አይጥለኝም። እዚህ የምጽፈው ምን እንደረዳኝ፣ ምን እንዳልረዳኝና የትኛውን ነገር በስንት ስህተት እንደተማርኩት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ።

ሕመሙ የታወቀብኝም በሂሳብ ነው። ለእኛ ሙያ የብርዱ ወራት የዓመቱን መዝገብ የምንዘጋበት፣ አእምሮ ከመቼውም ይልቅ ንቁ መሆን ያለበት ጊዜ ነው። በሦስተኛው ክረምት አንድ ቀን የሙከራ ሚዛኑ፣ ማለትም የመዝገቡ ሁለት ወገኖች ድምር እኩል መሆኑ የሚፈተሽበት ዝርዝር፣ በ2,700 ልዩነት አልገጥም አለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ገጽ እያገላበጥኩ ፈለግሁ። የሂሳብ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ በዚህ ዘዴ ከአሥር ዓመት በላይ ስሠራ ኖሬያለሁ፣ ያን ቀን ግን ጨርሶ አልመጣልኝም። ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ጠረጴዛዬ አጠገብ የቆመ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ልዩነቱ እኮ ለ9 ይካፈላል፤ አላዩትም?» አለኝ። 5,830 የነበረውን 8,530 ብዬ ጽፌው ኖሯል። ስህተቱ አላሳፈረኝም፣ ሰው ይሳሳታል፤ ያስደነገጠኝ ስህተቱ ሲገኝ ምንም ነገር አለመሰማቴ ነው። እፎይታም ንዴትም አልነበረም። ኮቴን ደርቤ በጨለማ ወደ ቤት ገባሁ፤ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

እንቅልፉ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ድባቴ የያዘው ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣና ምግብ እንደማይበላ ስለምሰማ፣ እኔ ደግሞ አሥር አሥራ አንድ ሰዓት ተኝቼ ሳልጠግብ ስለምነሣ፣ ጣፋጭ ነገር ካላገኘሁ ስለምነጫነጭና ኪሎዬም ስለጨመረ፣ ድባቴ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ አጠገቤ አልደረሰም። ሰውነቴ ድንጋይ የተጫነበት ይመስል ደረጃ መውጣት ይከብደኝ ነበር። ስልኬ ላይ ያልተከፈቱ መልእክቶች ተከማችተው፣ በዘገየሁ ቁጥር መመለሱ ይበልጥ እያሳፈረኝ፣ በመጨረሻ ስልኩን ፊቱን ደፍቼ ማስቀመጥ ጀመርኩ። አባቴ ከሁለተኛው ክረምት ጥቂት ቀደም ብሎ ስላረፈ፣ ያን ዓመት ስንፍና ያልኩትንም ሁሉ በሐዘን አመካኘሁ። የመጀመሪያው ክረምት ከሞቱ በፊት እንደነበረ ትዝ አላለኝም።

ትዝ ያላት ታላቅ እህቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ሳትደውል መጣች። በሩን ስከፍትላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን መጋረጃውን ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ እኔም አላውቅም። ስትስበው በመስኮቱ ደፍ ላይ ሦስት የደረቁ ብርጭቆዎች ተደርድረው ነበር። ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር እንዲህ አለችኝ፦ «አምናም በዚሁ ሰሞን ነው የጠፋኸው፤ ካቻምናም እንደዚሁ። ሲሞቅ ደግሞ ትመጣለህ። ስንፍና በወር ተራ ይገባል እንዴ?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሰኞ ዕለት ሐኪም ዘንድ የሄድኩት እሷ ቀጠሮውን ይዛልኝ፣ በር ድረስ አድርሳኝ ነው።

ሐኪሟ በመጀመሪያ ደም አስመረመረችኝ፤ የእንቅርት እጢ ሥራ መቀነስና የደም ማነስ ተመሳሳይ ድካምና መጫጫን ስለሚያመጡ እነሱን ሳያጣሩ ወደ ድባቴ መዝለል ተገቢ አይደለም። ቀጥላ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጠችኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ድምር በቅርብ መታየት ያለበት ነው። የእኔ 16 ሆነ። ወረቀቱ ብቻውን ምርመራ አይደለም፣ ሐኪሙ የሚጀምርበት መነሻ ነው፤ ለእኔ ግን ስሜቴን በቁጥር ማየቴ ራሱ አንድ ነገር ነበር። ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ለማንም ያልነገርኩትን በእርሳስ 1 ላይ አከበብኩ። ሐኪሟ አልደነገጠችም፤ ራስህን ለመጉዳት ያቀድከው ነገር አለ ወይ ብላ በቀጥታ ጠየቀችኝ። እቅድ አልነበረኝም፤ ያለኝ ባልነቃ ደግ ነበር የሚል ድካም ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ራስ ውስጥ መትከል ይመስለዋል፤ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን እንደዚያ አለመሆኑን ነው፣ እኔም ጥያቄው ሸክም ሲያራግፍልኝ አይቻለሁ።

ስሙ ወቅታዊ ድባቴ ነው። እንደ ሕመም በዝርዝር የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የገለጹት በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሮዘንታል ተወልደው ያደጉት በፀሐያማው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ወደ ሰሜን ሄደው ክረምት ሲገባ በራሳቸው ላይ ለውጡን ያስተዋሉ ሐኪም መሆናቸውን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሐኪሞች ይህን ስም ለመስጠት ድባቴው ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ በተመሳሳይ ወቅት ሲጀምርና ወቅቱ ሲያልፍ ሲለቅ ማየት ይፈልጋሉ። በብርድ ወራት ትንሽ መጫጫንና ቶሎ መተኛት ማንንም ያገኛል፤ ያ ሕመም አይደለም። መስመሩን ያለፈው ሥራዬን፣ ሰዎቼንና የመኖር ፍላጎቴን ሲነካ ነው።

ወደ ብርሃኑ ልግባ፤ ከሁሉም የበለጠ የተሳሳትኩት በእሱ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። በዓይናችን ውስጠኛ ክፍል ለማየት ሳይሆን የብርሃንን መጠን ለመለካት የተሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት የሚለኩትን በአንጎል ውስጥ ሰዓታችንን ለሚጠብቀው ክፍል ይልካሉ፤ እሱም የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን መቼ መመንጨት፣ መቼም መቆም እንዳለበት ይወስናል። በክረምት ጠዋት ብርሃን ስለሚዘገይ፣ እኔ ለባብሼ መንገድ ላይ ስሆን ሰውነቴ ገና ሌሊት ላይ ነው። ችግሩ በዚህ ብቻ እንደማያበቃ፣ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገርም እንደሚነካ ሐኪሟ ነግራኛለች። ለእኔ ግን ይህ የሰዓት ነገር በቂ ማብራሪያ ሆነኝ፤ ራሴን መውቀሴን ያቆምኩት ያኔ ነው።

«ቢሮዬ እኮ ብሩህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መብራት በርቶ ነው የምሠራው» ብዬ ተከራክሬ ነበር። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። ስልኬ ላይ መለኪያ አውርጄ ጠረጴዛዬን ስለካ 200 ገደማ አሳየኝ። ለምሳ ስወጣ ሰማዩ እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከ4,000 በላይ ወጣ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ይበቃል። ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ ጋር እያስማማ ስለሚያታልለን እንጂ፣ ደመናማ ቀን ከደማቅ ክፍል ብዙ እጥፍ ብሩህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዛሬ ፀሐይ የለም» ብዬ ከመውጣት የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ለሕክምና የሚውለው መብራት በፊት ላይ 10,000 ሉክስ የሚያሳርፍ፣ ጎጂውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራ ሰፊ መብራት ነው፤ የተለመደው አጠቃቀም ጠዋት እንደነቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፊት ለፊቱ መቀመጥ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ አንዱንም በትክክል አልሠራሁትም። መጀመሪያ መብራቱን መደርደሪያ ላይ፣ ከእኔ ከአንድ ሜትር በላይ አርቄ አስቀመጥኩት፤ አንድ ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። በመሣሪያው መመሪያ ላይ 10,000 ሉክስ የሚገኘው ምን ያህል ተጠግተው ሲቀመጡ እንደሆነ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ከክንድ ርዝመት ያነሰ ነው፤ ከዚያ ሲርቁ ብርሃኑ በፍጥነት ይወርዳል። ቀጥሎ ደግሞ ጠዋት ጊዜ የለኝም ብዬ ማታ ከሥራ ስገባ አበራሁት፤ ሦስት ሌሊት ዓይኔ ፈጥጦ አደረ። የማታ ብርሃን ያን ሰዓት ጠባቂ የአንጎል ክፍል ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነበር። በመጨረሻ መብራቱን ከቁርስ ጠረጴዛው በስተግራ፣ ትንሽ አዘንብዬ አኖርኩት፤ መብራቱን አፍጥጬ ሳላይ፣ ዓይኔን ገልጬ ከፊቴ ያለውን እያነበብኩ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ስለነበረኝ በ15 ደቂቃ ጀምሬ ነው ከፍ ያደረግሁት። ለውጡን ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ደስታ አልነበረም፣ አንድ ጠዋት ማንቂያው ሳይጮህ መንቃቴ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባይፖላር የተባለው፣ ስሜትን በድባቴና በከፍተኛ መነቃቃት መካከል የሚያመላልስ ሕመም ያለበት ሰው በዚህ መብራት ምክንያት ወደ ከፍተኛ መነቃቃት ሊገባ ይችላል። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ቆዳንና ዓይንን በብርሃን በቀላሉ እንዲጎዱ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪም ሳያማክር መጀመር የለበትም። ቆዳ ለማጥቆር የሚሸጡ መብራቶች ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አይሆኑም፤ የሚያመነጩት ልናስወግደው የምንፈልገውን ጨረር ነው። መድኃኒትም አለ፤ እኔ አልወሰድኩም፣ አለመውሰዴ ግን ጀግንነት አይደለም፣ ሐኪሟ በብርሃኑና በንግግር ሕክምናው እንጀምር ስላለች ነው። ቢያስፈልገኝ እወስድ ነበር።

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። አጭሩ ቀን ዲሴምበር 21 ወይም 22 መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ፀሐይ ከሁሉም ቀን አብልጣ የምታረፍደው በዚያ ቀን አይደለም፤ ከምድር ወገብም ከሰሜን ዋልታም ራቅ ባሉ አገሮች በዲሴምበር መጨረሻና በጃንዋሪ መጀመሪያ ሰሞን ነው። ስለዚህ ቀኑ መርዘም ጀመረ ከተባለ በኋላም ጠዋቱ ለጥቂት ጊዜ ይበልጥ እየጨለመ ይሄዳል። ይህን ሳላውቅ «ቀኑ እየረዘመ እኔን ለምን ይብስብኛል?» እያልኩ ተስፋ የቆረጥኩበት ክረምት ነበር።

የንግግር ሕክምናው ለሂሳብ ሰው የተሠራ ይመስል ነበር። በአሜሪካ በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ኬሊ ሮሃን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ወቅታዊ ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ከፍለው ግማሾቹን በብርሃን፣ ግማሾቹን አስተሳሰብንና ልማድን በሚያርም የንግግር ሕክምና ለስድስት ሳምንት አክመዋቸዋል፤ ሁለቱም ወገኖች በተመሳሳይ መጠን ሲሻላቸው፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ሲታይ ግን ሕመሙ ያገረሸባቸው ሰዎች በንግግር ሕክምናው ወገን ያነሱ ነበሩ። ምክንያቱ አይገርመኝም፤ መብራቱ የሚሠራው ሲበራ ነው፣ ልማድ ግን ከሰው ጋር ይከርማል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው በሦስት ዓምድ የተሰመረ ደብተር እንድይዝ አዘዘኝ። በመጀመሪያው ዓምድ የማደርገውን ነገር፣ በሁለተኛው ካደረግሁት በኋላ ስሜቴ ከ10 ስንት እንደሚሆን የምገምተውን፣ በሦስተኛው በእርግጥ የሆነውን እጽፋለሁ። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ «ማክሰኞ፤ 20 ደቂቃ የእግር ጉዞ፤ ግምት 1፤ የሆነው 4» ይላል። ቀጥሎ «ለወዳጄ መደወል፤ ግምት 2፤ የሆነው 5»፤ ከዚያ «ሳህን ማጠብ፤ ግምት 2፤ የሆነው 3»። በአንድ ወር ውስጥ ግምቱ ከሆነው በላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ግምቱ ይህን ያህል የሚሳሳት በጀት ቢቀርብልኝ አዘጋጁን እጠራው ነበር። «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» የሚለው ሐሳቤ የሚመረኮዘው ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ በሚተነብይ አእምሮ ላይ መሆኑን በራሴ ቁጥር አየሁት። ከዚያ በኋላ ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቄን ትቼ፣ ስሜቱ ባይኖርም ጫማዬን ማድረግ ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን በእርግጥ ከጫማው አላለፍኩም።

በዚህ ረገድ እህቴ ያደረገችውን ለታማሚ ቤተሰቦች መንገር እፈልጋለሁ። «ጠንክር»፣ «ተነሥ እንጂ»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ብላኝ አታውቅም። «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» የሚለውም፣ በደግነት የሚባል ቢሆንም፣ የሚያስፈልገውን አስቦ የመናገር አቅም ለሌለው ሰው ሌላ የቤት ሥራ ነው። እሷ የምትለው «ነገ በአራት ሰዓት እመጣለሁ፤ ጫማህን አድርገህ በር ላይ ጠብቀኝ» ነበር። ሰዓቱ የተቆረጠ፣ ነገሩ ትንሽ፣ መልስ የማይፈልግ።

በክረምቱ ውስጥ የሚውለው በዓል ሌላ ጉዳይ ነው። የብርሃን ማነስ በአካል ላይ የሚያደርገውን፣ በዓል በልብ ላይ ያደርገዋል። ሰው ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል በሚባልበት ሳምንት ደስ የማይለው ሰው፣ ሐዘኑ ላይ ጥፋተኝነት ይደርብበታል። አባቴ ባረፈበት ዓመት ወደ ቤተሰብ መሰባሰቢያው ጨርሶ አልሄድኩም፤ ሥራ አለ ብዬ ዋሽቼ ቤቴ ተኛሁ። በማግስቱ የተሰማኝ እረፍት ሳይሆን እናቴን ሁለት ሰው ያሳጣኋት ያህል ነው። በሦስተኛው ክረምት ደግሞ በተቃራኒው ሁሉንም ግብዣ እሺ አልኩ፤ ከጠዋት እስከ ሌሊት እየሳቅሁ ዋልኩ፤ የአባቴን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት፣ ስሙንም ማንም እንዳያነሣው ሁላችንም ሳንነጋገር ተስማምተን ነበር። ሌሊት ቤቴ ስገባ በሩን ቆልፌ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀጣዮቹን አራት ቀናት ከአልጋ አልወረድኩም።

በአራተኛው ዓመት አስቀድሜ ወሰንኩ፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም ውሳኔው ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ አእምሮዬ ደህና ሳለ መወሰኑ ነው። ከአራት ግብዣ ሁለቱን መረጥኩ። ለሁለቱ «ዘንድሮ አልችልም፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ብቻችንን ብንገናኝ ደስ ይለኛል» ብዬ ያለ ሐተታ ጻፍኩ፤ ምክንያት ስደረድር ምክንያቱ ለክርክር እንደሚከፈት ተምሬያለሁ። እናቴ ቤት ስንት ሰዓት እንደምቆይ ስገባ ተናገርኩ እንጂ ስወጣ አላስደነገጥኩም። ከእህቴ ጋር ደግሞ አንድ ቃል ተስማማን፤ «ጥቂት አየር ልቀበል» ካልኩ አሥር ደቂቃ ውጭ እሆናለሁ፣ እሷም ማንም እንዳይከተለኝ ታደርጋለች። ሌላው መሸሸጊያዬ ዕቃ ማጠብ ነበር። እጁን ሙቅ ውሃ ውስጥ የነከረን ሰው ማንም «ለምን ጠቆርክ» ብሎ ቁጭ አድርጎ አይጠይቀውም፤ ደግሞም ይመሰገናል።

ያን ቀን ወደ ማዕድ ስንቀርብ እናቴ ወንበሩን አየችና «አባታችሁ ቢኖር ይሄኔ ስንት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ ነበር» አለች። አባቴ አንድ ደቂቃ ማርፈድ የማይወድ፣ ሁላችንንም በሰዓት ያስመረረን ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሜ እጁን አጥፎ የአባቴን የሰዓት አተያይ አስመሰለ፤ ሳቅን፣ ቀጥሎ እናቴ አለቀሰች፣ ቀጥለን ሁላችንም አለቀስን፣ ከዚያ በላን። ወንበሩ ላይ የወንድሜ ልጅ ተቀመጠች። ስሙን ሳንጠራ ካሳለፍነው በዓል ይልቅ ስሙን ጠርተን ያለቀስንበት ይህኛው ቀለለኝ፤ በማግስቱም ከአልጋዬ ተነሣሁ።

አንድ ዓመት በመንገድ ርቀት ምክንያት በዓሉን ብቻዬን አሳልፌያለሁ፤ ያን ቀን ያልሰጠምኩት ቀኑ በሰዓት ስለተከፈለ ነው። የምነቃበትን ሰዓት አልቀየርኩም፣ መብራቴን አበራሁ፣ ከቤተሰብ ጋር የምነጋገርበትን ሰዓት ቆረጥኩ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ እኔ ብቻቸውን የነበሩ አንድ ጎረቤቴ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። የሰዎችን የበዓል ፎቶ ከማየት ስልኬን እስከ ማታ ዘግቼ አዋልኩት። ስለ መጠጥ ብዙ አልልም፦ በምሽቱ የሚያዝናና ይመስላል፣ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ በማግስቱ ያለውን ድባቴ ያጠልቀዋል፤ እኔ በእነዚያ ሳምንታት አልነካም። የስጦታ ወጪንም ቤተሰባችን ተነጋግሮ ለልጆች ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ ሁሉም ሰው ይህን ሐሳብ የሚያነሣ ሌላ ሰው ሲጠብቅ ኖሮ ኖሯል።

ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ስህተት አለ፤ ራስን የማጥፋት አደጋ የሚበዛው በበዓል ሰሞን ነው ይባላል። የብዙ አገሮች መዝገብ የሚያሳየው ቁጥሩ ከፍ የሚለው ብርዱ አልፎ ቀኑ በሚረዝምበትና ሙቀቱ በሚገባበት ወቅት መሆኑን ነው፤ ይህም ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህን የምጽፈው በዓሉን ለማቃለል ሳይሆን፣ እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ቀኑም ሲረዝም ጥበቃችንን እንዳንፈታ ነው። እኔንም ከበዓሉ ይልቅ የሚከብደኝ ከበዓሉ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ስለማይኖር፣ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ሆን ብዬ ሁለት ሦስት ቀጠሮ አስቀምጣለሁ። ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ለሚመላለስበት ሰው ግን የምነግረው የቀጠሮ ምክር አይደለም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው በግልጽ ይናገር፣ ብቻውን አይደር፤ ሐሳቡ ወደ እቅድ ከተጠጋ ደግሞ ጠዋትን ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂድ። በእርሳስ ያከበብኳት 1 ቁጥር ያወጣችኝ ስላልደበቅኋት ነው።

አሁን ክረምቴ የሚጀምረው ከክረምት በፊት ነው። ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ ገና ምንም ሳይሰማኝ፣ መብራቱን ከካርቶኑ አውጥቼ አምፖሉን እፈትሻለሁ፣ ከሐኪሟ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ እህቴ ዘንድም ያለችውን ወረቀት እናድሳለን። በወረቀቱ ላይ የእኔ ሦስት ምልክቶች ተጽፈዋል፦ መልእክት ሳይከፈት ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ፣ መጋረጃው ቀን ላይ ተዘግቶ ሲታይ፣ በሥራ ላይ አኃዝ ሲለዋወጥብኝ። ከሦስቱ ሁለቱን ካየች ሳትጠይቀኝ ወደ ሐኪሟ እንድትደውል ፈቅጄላታለሁ። ይህን ፈቃድ በክረምት ብትጠይቀኝ እከለክላት ነበር፤ ስለዚህ የፈረምኩላት በሞቃቱ ወቅት ነው።

የቀረኝ ስህተት መብራቱን ማቆሚያ ጊዜ ነበር። በአምስተኛው ክረምት በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በጣም ደህና ስለሆንኩ መብራቱን ነቅዬ መጋዘን ከተትኩት፤ አሥር ቀን ሳይሞላ እህቴ ደውላ «መልእክቴን አላየኸውም?» አለች። አራት ቀን ሆኖት ነበር። የዚያኑ ዕለት መብራቱን ከመጋዘን አወጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ቀንና ሌሊት እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከጠረጴዛው ላይ አላነሣውም፣ ሳነሣውም ግማሽ ሰዓቱን በየሳምንቱ በአምስት አምስት ደቂቃ እየቀነስኩ ነው።